ብርድና የኤሌክትሪክ መኪና



ባለፈው ሳምንት እዚሁ ደብረ ብርሃን ከክፍል ስንወጣ አንድ አባት እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦ «መምህር፣ ልጄ አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ መኪና ሰው እያመላለሰ ነው የሚተዳደረው። ለበዓል ና ስለው ‹በብርድ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ መንገድ ላይ እቀራለሁ› ይለኛል። እውነት ነው ወይስ ሰበብ?»

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ጥያቄው የብዙ ሰው ሆኗል። ስለዚህ ዛሬ በዚሁ ላይ እንነጋገር።

ነገሩ እውነት ነው። ምክንያቱም ሁለት ነው።

አንደኛ፣ ባትሪ ኃይል የሚሰጠው በውስጡ በሚካሄድ የኬሚካል ለውጥ ነው። ብርድ ይህን ለውጥ ያዘገየዋል። ውርጭ ባደረበት ጧት ቅቤ ከቅሉ አልወጣ እንደሚል ሁሉ፣ ባትሪውም ያለውን ኃይል በቀላሉ አይለቅም። ሲሞላም ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው።

ሁለተኛውና ዋናው ማሞቂያው ነው። የሦስት ጉልቻን እሳት አስቡ። አብዛኛው ሙቀት ከድስቱ ሥር አምልጦ ይባክናል፤ ግን ቤቱን ያሞቃል። የቤንዚን ሞተርም እንዲሁ ነው። ከነዳጁ ኃይል ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሙቀት ሆኖ ይባክናል፤ ተሳፋሪው የሚሞቀው በዚሁ ትርፍ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን እንደ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ነው፤ የሚያባክነው ጥቂት ነው። ስለዚህ ለሰው የሚሆነው ሙቀት ለጉዞ ከተቀመጠው ባትሪ ይወሰዳል።

እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ የአውቶሞቢል ማኅበር 5 የኤሌክትሪክ መኪኖችን ፈትኖ ነበር። ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ብርድ፣ ማሞቂያ ሳይበራ ጉዟቸው በአማካይ በ12 በመቶ ቀነሰ። ማሞቂያ ሲበራ ግን በ41 በመቶ ቀነሰ። በደህና ቀን 400 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ያለ ማሞቂያ 352፣ በማሞቂያ 236 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። የእኛ ደጋ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ያህል ስለማይበርድ ጉዳቱም ያነሰ ነው።

ታዲያ ብርድ ይከለክላል ወይ? አይከልክልም። በረዶ በማይጠፋባት በኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተሸጡት 10 አዲስ መኪኖች 9 ያህሉ የኤሌክትሪክ ነበሩ። ዘዴው ይህ ነው፦

1. መኪናውን ገና ከኤሌክትሪክ መስመር ሳይነቅሉ ማሞቅ፤
2. በመኪናው ውስጥ ያለውን አየር ሁሉ ከማሞቅ ይልቅ መቀመጫውን ማሞቅና ደህና መልበስ፤
3. ባትሪው ሳይሟጠጥ መሙላት።

እንግዲህ አባቴ፣ ልጅዎ ሰበብ አልፈጠረም። ግን ደግሞ አይቅር። ከአዲስ አበባ እዚህ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪናው በደህና ቀን 400 የሚሄድ ከሆነ፣ በዚያ በከባድ ብርድ ስሌት እንኳ ለመምጫ ይበቃዋል። ደርሶ መልሱ ግን 260 ስለሆነ አያዘልቀውም። ስለዚህ ከመነሳቱ በፊት እዚህ የሚሞላበትን ቦታ አጠያይቆ ይወቅ፤ ጋቢውንም ይያዝ። ያን ጊዜ በዓሉን ከእርስዎ ጋር ውሎ በሰላም ይመለሳል።