«እርጅና ነው» ብለን የምንተወው ሕመም

(በንፋስ መውጫ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ለተሰበሰቡ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር)



 የልማት ሠራተኛ ስለ ምንጭ ውኃ፣ ስለ እርከንና ስለ ችግኝ ሲናገር መስማት ለምዳችኋል። ዛሬ ግን ስለ እርጅናና ከእርጅና ጋር ስለሚመጡ ሕመሞች እንነጋገራለን። ይህን ርእስ የመረጥነው፣ በየቤቱ «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» እየተባለ የሚተወው ሕመም ብዙው ሊታከም ወይም ሊዘገይ የሚችል በመሆኑ ነው።

በሀገራችን በ1982 ዓ.ም. አካባቢ አማካይ የመኖሪያ ዕድሜ 50 ዓመት አይሞላም ነበር። ዛሬ ከ65 ዓመት አልፏል። ቀድሞም አረጋውያን ነበሩ፤ ሆኖም ብዙ ሕፃናት ገና በጨቅላነታቸው ይቀጠፉ ስለነበር አማካዩ ዝቅ ይል ነበር። ክትባት፣ ንጹሕ ውኃና የእናቶች ሕክምና ያዳኗቸው ልጆች አድገዋል፤ ነገ ደግሞ ያረጃሉ። ለዚህ ተዘጋጅተናል ወይ? ጥያቄው የጤና ቢሮ ብቻ አይደለም፤ የአጥቢያም ነው።

ለመሆኑ እርጅና ምንድን ነው? ጠቢቡ ሰሎሞን በመጽሐፈ መክብብ እርጅናን በሚያረጅ ቤት መስሎታል። የዘመኑ የሥነ ሕይወት ምርምርም ከዚህ ምሳሌ ብዙ አይርቅም። ሰውነታችን በየቀኑ ይጎዳል፤ በየቀኑም ይጠገናል። በወጣትነት ጥገናው ከጉዳቱ ይቀድማል። ዕድሜ ሲገፋ ግን ጠጋኙ ይደክማል፤ ያልተጠገነውም ይከማቻል።

እ.ኤ.አ. በ1961 ሊዮናርድ ሄይፍሊክና ፖል ሙርሄድ የተባሉ ተመራማሪዎች የሰው ሕዋስ ያለ ገደብ እንደማይባዛ አሳዩ፤ 50 ጊዜ ያህል ከተከፈለ በኋላ ይቆማል። ከምክንያቶቹ አንዱ ኋላ ታወቀ። የዘር መረጃችንን በያዙት ክሮች ጫፍ ላይ፣ ጋቢ እንዳይተረተር ዳሩ እንደሚቋጨው ያለ መጠበቂያ አለ፤ ቴሎሜር ይባላል። ሕዋሱ በተከፈለ ቁጥር ይህ መቋጫ ያጥራል። ስለ ቴሎሜር አሠራር ላገኙት ዕውቀት ኤልዛቤት ብላክበርን፣ ካሮል ግራይደርና ጃክ ሾስታክ እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

መከፈል ያቆሙ ሕዋሳት ሁሉ ወዲያው አይሞቱም። በቦታቸው ተቀምጠው በዙሪያቸው ያለውን አካል የሚያስቆጣ ንጥረ ነገር ይረጫሉ። በዚህም ሰውነት ቁስል ሳይኖርበት እንደ ቆሰለ ሆኖ ይኖራል፤ ይህ ቀስ ያለ ብግነት የደም ሥርን፣ መገጣጠሚያን፣ አንጎልንም ይጎዳል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 እንዲህ ያሉ የእርጅና መለያዎችን በ9 ከፍለው አቅርበው ነበር፤ በ2023 ቁጥሩን 12 አደረሱት። ለእኛ የሚጠቅመን ቁም ነገር ግን ይህ ነው፤ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ ካንሰርና የመርሳት በሽታ መልካቸው ቢለያይም ከሥራቸው የሚጋሩት ድካም አለ። ስለዚህ ነው አንድ አረጋዊ ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት ሕመም በአንድነት የሚይዘው። ወደ ጤና ጣቢያ ስንወስደውም ስለ አንዱ ሕመም ብቻ ተጠይቆ እንዲመለስ ማድረግ አይገባም።

ይህ ነገር በአካል ላይ እንዴት እንደሚታይ በሁለት ምሳሌ እንመልከት።

አንደኛው ዓይን ነው። በዓይናችን ሌንስ መካከል ያለው ፕሮቲን የተሠራው ገና በእናታችን ማኅፀን ሳለን ነው፤ ከዚያ በኋላ አይተካም። አንድ ሰው በ70 ዓመቱ የሚያየው የ70 ዓመት ዕድሜ ባለው ሌንስ ነው ማለት ነው። የፀሐይ ጨረር፣ የምድጃ ጭስና የስኳር በሽታ ፕሮቲኑን ያበላሹታል፤ እየረጋም ይደፈርሳል። የዓይን ሞራ የምንለው ይህ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብለው ለሚኖሩ የጉና ዙሪያና የላይ ጋይንት ሰዎች ጨረሩ ከቆላው ይበረታል። በ1998 ዓ.ም. በሀገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የዓይነ ስውርነት ጥናት፣ ከዓይነ ስውራን ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ ሆኖ ተገኝቷል። የዓይን ሞራ ግን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል።

ሁለተኛው የደም ሥር ነው። ደም ሥር እንዲለጠጥና እንዲመለስ የሚያደርገው ክር በአብዛኛው በልጅነት ይሠራል፤ ሲያልቅ የሚተካው ጥቂት ነው። ዕድሜ ሲገፋ ደም ሥሩ ይደርቃል፤ ግፊቱም ይጨምራል። በ2007 ዓ.ም. በተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች ከ100ው 16ቱ ያህል የደም ግፊት ነበረባቸው። በዚያው ጥናት አንድ ሰው በቀን በአማካይ 8.3 ግራም ጨው እንደሚመገብ ተገምቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች፣ ማለት ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። የደም ግፊት ሳያም ይቆይና በድንገት እጅና እግር ያሰንፋል፤ አንደበት ይይዛል። ከዚያ በፊት በመለካት ብቻ ሊታወቅ ይችል ነበር።

ክቡራን አባቶች፤

እርጅና በ60 ዓመት የሚጀምር አይደለም። በአካባቢያችን ለዚህ ሁለት ምስክሮች አሉን። የመጀመሪያው ትራኮማ ነው። ሕፃኑ ዓይኑ ደጋግሞ ይመረዛል፤ ዝንብ ያርፍበታል፤ ፊቱ ሳይታጠብ ይውላል። ጠባሳው ከዓመት ዓመት እየተደራረበ የዐይን ቆቡን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፤ ሽፋሽፍቱም ብሌኑን ይፍቃል። አሮጊቷ እናት በወረንጦ ስትነቅለው የምትኖረው ፀጉር መነሻው ያ የልጅነት ዓይን ነው። የክልላችን ገጠር፣ በተለይም ደቡብ ጎንደር፣ ትራኮማ እጅግ ከበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። እንግዲህ ዛሬ የአንድን ሕፃን ፊት ማጠብ የ60 ዓመት በኋላውን ዓይን መጠበቅ ነው።

ሁለተኛው ምስክር የ1977ቱ ረሃብ ነው። በአውሮፓ፣ በሆላንድ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 ክረምት በደረሰው ረሃብ ወቅት የተፀነሱ ሰዎች ከ60 ዓመት በኋላ ሲመረመሩ፣ የዘር መረጃቸው በሚታዘዝበት መንገድ ላይ የዚያ ረሃብ ምልክት ተገኝቶባቸዋል። በጎረቤታችን በሰሜን ወሎ፣ በራያ ቆቦ፣ የሀገራችን ተመራማሪዎች በ77ቱ ረሃብ በማኅፀን የነበሩትን አጥንተው በቁመት ያነሱ መሆናቸውን፣ በማስታወስና በማስተዋል መለኪያም ዝቅ ማለታቸውን ጽፈዋል። የዚያ ዘመን ልጆች በጋይንትና በስማዳም ሞልተዋል፤ ዛሬ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። ወደ እርጅና የሚገቡት ቀድሞ የተጎዳ አካል ይዘው ነውና የደም ግፊታቸውና ስኳራቸው ከአሁኑ ይለካ ዘንድ እናሳስባለን።

እንግዲህ እርጅናንና በሽታን መለየት ያስፈልጋል። ፀጉር መሸበት፣ ቆዳ መጨማደድ፣ እርምጃ መዘግየት፣ ስምን ቆይቶ ማስታወስ የእርጅና ናቸው። ዓይን መጋረድ፣ ከወትሮው የተለየ ትንፋሽ ማጠር፣ ደጋግሞ መውደቅ፣ ሳይታሰብ መክሳት፣ የገዛ ቤትን መንገድ መሳት ግን በሽታ ናቸው። ሳምንታት የዘለቀ ሳልም እንዲሁ ነው፤ ለብዙ ዓመት በሳንባ ተኝቶ የቆየ የነቀርሳ ተሕዋስ ሰውነት ሲደክም ሊነሣ ይችላልና።

ይህ ነገር የቤተ ክርስቲያንን ሀብትም ይነካል። ጋይንት የቤተልሔም ድጓና የዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕት ሀገር ናት። ይህ ትምህርት የሚተላለፈው ከመምህሩ አፍ ወደ ደቀ መዝሙሩ ጆሮ ነው። የመምህሩ ዓይን ሲጋረድ የመጽሐፉ እርማት ይቆማል፤ ድንገት አንደበቱ ሲያዝ ደግሞ ገና ያላስተማረው ሁሉ አብሮት ይዘጋል። መምህራኑን ማሳከም ጉባኤ ቤቱን ማቆየት ነው።

ስለዚህ ከዚህ ጉባኤ አራት ነገሮችን እንለምናለን።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ በአጥቢያው ያሉትን አረጋውያን ይመዝግብ፤ ጧሪ የሌላቸውን፣ ዓይናቸው የተጋረደውንና ከቤት የማይወጡትን ለይቶ ይያዝ። የዓይን ሕክምና ዘመቻ ሲመጣ ማንን እንደምናደርስ እናውቃለን።

ሁለተኛ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን መታወቂያ የሌለው አረጋዊ እንዳይኖር ጥረት ይደረግ። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ የዞናችን ፎገራ ነበር። መክፈል የማይችል ድሃ መዋጮው በመንግሥት የሚሸፈንበት ሥርዓት አለ፤ ነገር ግን ስሙን በቀበሌ የሚያስመዘግብለት ሰው ይሻል።

ሦስተኛ፣ የንስሐ አባቶች ስለ መድኃኒት ይጠይቁ። የግፊትና የስኳር መድኃኒት ሻል ሲል የሚጣል አይደለም። ጸበል ለመጠመቅ ብሎ መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ብዙ ነው። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ አስተምረዋል፤ ለአረጋውያንም መንገዱ ይኸው ነው። ጾምን በተመለከተም የስኳር ሕመምተኛ ሰዓቱንና መጠኑን ከሐኪም ጋር ሳይመክር እንዳይጾም፣ አባቶች በሥልጣናችሁ አቅልሉለት።

አራተኛ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ተራ ገብተው አረጋውያንን ወደ ጤና ጣቢያ ያድርሱ። በእግር መሄድ ለማይችል ሰው ቀጠሮ ብቻውን ሕክምና አይሆነውም።

መዝሙረኛው የሰውን ዕድሜ በሰባና በሰማንያ መጥኖታል። እኛ በዚያ ላይ ዓመት እንጨምር ዘንድ ሥልጣን አልተሰጠንም። በተሰጡት ዓመታት ግን አባቶቻችንና እናቶቻችን እያዩ፣ እየሰሙና በእግራቸው ቅዳሴ እየደረሱ እንዲኖሩ ማገዝ ከእጃችን አይርቅም። የምዝገባ ቅጹን ከበሩ አጠገብ ታገኙታላችሁ፤ እስከሚቀጥለው የወረዳ ጉባኤ ድረስ ሞልታችሁ ትመልሱልን ዘንድ በትሕትና እንጠይቃለን።

 የአባቶቻችን ጸሎት አይለየን።