ከጉና የሚወርደው ውሃና የእድራችን ሣጥን

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እድራችን ድንኳን የሚተክል፣ የሚቀብርና ለቅሶተኛ የሚያጽናና መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዛሬ እንድናገር የታዘዝኩት ግን ስለ ውሃና ስለ አፈር ነው። ይህ ከእድር ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖር ይሆናል፤ እኔም ቀድሞ ከዚያው ወገን ነበርኩ።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት፣ በፎገራና በሊቦ ከምከም በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። ድሬዳዋንም ጎርፍ በሌሊት የመታት በዚያው ክረምት ነው። ያን ጊዜ ከአባሎቻችን አንዱ ቤቱና ጎተራው በውሃ ተወስዶበት ወደ እኛ መጣ። ድንኳኑን አዋስነው። ገንዘብ ሲጠይቅ ግን «ደንቡ የሚለው ለሞተ ነው» ተባለና እጅ ተቆጠረ። የእኔም እጅ ከከለከሉት ጋር ወጥታ ነበር። ሰውየው እኮ መዋጮውን አንድ ወር እንኳ አጓድሎ አያውቅም!

ከዚያ ወዲህ ነው የተቸገረን መርዳትና መሬትን መጠበቅ በአገራችን እንዴት ሲገናኙና ሲለያዩ እንደኖሩ መጠየቅ የጀመርኩት። ከወሎው ረሃብ በኋላ በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። በደርግ ዘመን ገበሬው እርከን ሲሠራና ችግኝ ሲተክል ውሎ በቀን 3 ኪሎ እህልና ጥቂት ዘይት ይሰፈርለት ነበር። ሥራው ብዙ ነበር፤ እርከኑና ዛፉ የማን እንደሆነ ግን ለገበሬው የነገረው የለም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ እርከኑ ፈረሰ፣ ዛፉም ተቆረጠ። ገበሬውን የሚወቅሱ አሉ፤ እኔ አልወቅሰውም። ለስፍር ብሎ የሠራውን፣ ስፍሩ ሲቀር ምን ብሎ ይጠብቀው?

በ1989 ዓ.ም. የልማታዊ ማኅበራዊ ደኅንነት ፖሊሲና የአካባቢ ፖሊሲ ወጡ። የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው፤ ሁለት ቤት አደጉ እንጂ። በገጠር ሁለቱን በአንድ ሥራ ያገናኛቸው በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት ነው። ጉልበት ያለው እርከንና መንገድ ይሠራል፤ ሽማግሌውና አቅመ ደካማው ሳይሠራ ይሰጠዋል። በዞናችን እብናት፣ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በዚህ ገብተዋል።

ታዲያ እኛን ምን አገባን? ርብም ጉማራም ከጉና ነው የሚነሡት። ከእብናት ወገን የሚወርደውም ውሃ ወደ ርብ ይገባል። እዚያ ላይ እርከን ያላስቆመው አፈር እዚህ ደለል ሆኖ የርብን መውረጃ ይሞላዋል፤ ወንዙም ሲጠበው ወደ ሜዳው ይወጣል። እንግዲህ በጥቂት እህል እርከን የሚክበው የእብናት ድኻ የኛን ቤት እየጠበቀ ነው ማለት ነው።

ውሃው ጠላት ብቻ ነው አልልም፤ ሩዛችንን ማን አበቀለው? ድሮ ሜዳው የፎገራ ከብት መዋያ ነበር። ሩዝ በ1970ዎቹ ከገባ ወዲህ ብዙ ቤት ቆርቆሮ ለበሰ። ነገር ግን ግጦሹ በታረሰ ቁጥር፣ አንዲት ላሟን በወል መሬት ላይ አሰማርታ ልጆቿን የምታሳድገው ባልቴት መዋያ አጣች። ይህንን በጥጋቡ ዘመን ያሰበላት የለም፤ እድርም ቢሆን የሚያውቃት ስትሞት ነው።

አሁን በኮሚቴው የቀረበው የደንብ ማሻሻያ ቤቱን ጎርፍ ለወሰደበት አባል እንድንከፍል የሚል ነው። የሚቃወሙት ወንድሞች ያነሡት ነገር ቀላል አይደለም። ሞት አንድ አንድ እያለ ይመጣል፤ ጎርፍ ግን ሰፈሩን በአንድ ሌሊት ነው የሚመታው፤ ሣጥናችንም በአንድ ቀን ባዶ ይሆናል፤ የቀብሩ ገንዘብ ከየት ይመጣል? ልክ ነው። ስለዚህ የጎርፉ ገንዘብ ለብቻው በሌላ መዝገብ ይያዝ፣ ለአንድ ቤት የሚከፈለውም ወሰን ይበጅለት እላለሁ። ለቀብር የተዋጣው አይነካ።

ያ አባላችን ዛሬም ከመካከላችን ተቀምጧል። ረቂቁ ከጸሐፊያችን ዘንድ ይገኛል፤ እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አንብቡት።