ድጋፉ ቀርቶ ኪሳችንን ባልነኩብን!

(በአንድ የሠራተኞች የውይይት ስብሰባ ላይ ያደረግኩት ንግግር)



እንድናገር ስጋበዝ ርዕሱ «መንግሥት ለዝቅተኛ ደመወዝተኛ የሚያደርገው ድጋፍ» ነው ተባልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሳቄ መጣ። ማታ ለእህቴ ብነግራት እሷም ሳቀች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ የደመወዝ ወረቀቷን አወጣችና «በል ድጋፉን ፈልግልኝ» አለችኝ።

እህቴ በአንድ የልብስ ፋብሪካ ሰፊ ናት። የወር ደመወዟ 3,000 ብር ነው። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የሥራ ግብር 150 ብር፣ ጡረታ 7 በመቶ 210 ብር፤ እጇ የገባው 2,640 ብር። ከዚህ ላይ የቤት ኪራይ አለ፣ ታክሲ አለ፣ አስቤዛ አለ። ድጋፉን ግን ፈልጌ አጣሁት።

ጡረታው ይቆረጥ ግድ የለም። የነገ ስንቅ ነው፤ አሠሪውም 11 በመቶ ያዋጣበታል። ጥያቄዬ ግብሩ ላይ ነው።

«ግብሩ እኮ ተሻሽሏል» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ሐቅ አንክድም። በ2008 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ግብር የማይነካው ደመወዝ እስከ 600 ብር ነበር። በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1395 ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጎታል። በድሮው ስሌት ቢሆን ከእህቴ ላይ 307 ብር ከ50 ሳንቲም ይቆረጥ ነበር።

ነገር ግን በ2008 ዓ.ም. አንድ ዶላር 22 ብር ገደማ ስለነበር 600 ብር ወደ 27 ዶላር ይሆን ነበር። አዋጁ ሲሻሻል ዶላሩ ከ130 ብር በላይ ደርሶ ስለነበር 2,000 ብር 15 ዶላር ገደማ ሆነ። እህቴ ዶላር አትገዛም፤ የምትገዛው ዘይት ግን በዶላር ነው የሚመጣው። ቁጥሩ ወጣ፣ አቅሙ ወረደ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኼ አይደለም እንዴ?

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ! ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት የራሱን ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ አድርጓል። ደግ አደረገ። ግን ከ6,000 ብር በታች መኖር እንደማይቻል ራሱ ካመነ፣ 3,000 ብር ከምታገኝ ሴት ላይ 150 ብር የሚቆርጠው በየትኛው ሒሳብ ነው? የመንግሥት ሠራተኛና የፋብሪካ ሠራተኛ የሚገበያዩት እኮ አንድ ገበያ ነው!

ለግል ድርጅት ሠራተኛ ደግሞ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አልተበጀለትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በ2011 ዓ.ም. ሲወጣ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል፣ ዝርዝሩም በደንብ ይወሰናል ብሎ ነበር። እኛም እሰየው ብለን አጨበጨብን። ከዚያ ወዲህ ዘይትና ጤፍ የማንንም ደንብ ሳይጠብቁ ስንት ጊዜ ጨመሩ?

እህቴ በ2009 ዓ.ም. ስለተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ሰምታ ወደ አንድ ወረዳ ሄዳ ነበር። «አንቺማ ደመወዝተኛ ነሽ» ብለው መለሷት። ግብር ሲቆረጥ ደመወዝተኛ፣ ድጋፍ ሲጠየቅም ደመወዝተኛ! እንግዲህ ሠርቶ የሚራብ ሰው የማን ያለህ ይበል?

እኔ ምጽዋት ጠይቁ አልላችሁም። ጥያቄያችን ሦስት ነው። አንደኛ፣ መንግሥት ለራሱ ሠራተኛ ዝቅተኛ ብሎ የወሰነው 6,000 ብር ከግብር ነፃ ይሁን፤ ኑሮ ሲጨምርም አብሮ ይከለስ። ሁለተኛ፣ የደመወዝ ወለሉ ከወረቀት ወደ መሬት ይውረድ። ሦስተኛ፣ ሴፍቲኔት ሲመለመል «ሥራ አለው ወይ?» ብቻ ሳይሆን «የሚያገኘው ያኖረዋል ወይ?» ተብሎ ይጠየቅ።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ትሉኝ ይሆናል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም! ቢያንስ ቢያንስ ከእህቴ የሚወሰደው 150 ብር እዚያው እጇ ላይ ይቅር። ያኔ «ድጋፉ ይኸውልሽ» ብዬ ወረቀቷን እመልስላታለሁ።