የሰኔ ችግኝ፣ ቡቺ እና «ልዩ ልዩ ወጪ»

(በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ከሒሳብ ሪፖርቱ በፊት የቀረበ ንግግር)

የዘንድሮው ሪፖርት ላይ «የውሻ ቀለብና ክትባት» የሚል መስመር ታያላችሁ። ከለጋሾቻችን መካከል ምን እንደሆነ የጠየቁን አሉ፤ ከአባላትም የሳቁብን አሉ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ እንንገራችሁ።

ደብረ ብርሃን ዳር ያለው የአትክልት ቦታችን ጥቁር አፈር መሆኑን የምታውቁት ታውቃላችሁ። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ ይቋጥራል። ስለዚህ በግንቦት መጨረሻ ቆፍረንና ከስክሰን መደቡን ከፍ እናደርጋለን፤ በመካከሉም የውሃ መውረጃ ቦይ እናወጣለን። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲያያዝ ጥቅል ጎመኑንና ቆስጣውን ከችግኝ መደብ እናዛውራለን። ካሮት መነቀል አይወድም፣ ዘሩን እዚያው መደቡ ላይ ነው የምንዘራው። ከሁሉም የምንቸኩለው ለቆስጣው ነው። በሰኔ መጀመሪያ ከተተከለ ነሐሴ ላይ ቅጠሉ መለቀም ይጀምራል፤ ያ ገንዘብ ደግሞ የመስከረም ደብተርና ዩኒፎርም ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያን ገንዘብ የማትጠብቅ እናት ብዙ አይደለችም።

ቡቺ የመጣችው ከጥበቃችን ጋር ነው። ጥበቃችን ባለቤታቸውን ከቀበሩ ወዲህ እዚያችው ጎጆ ውስጥ የሚያድሩ እናታችን ናቸው። ቡቺ ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም፣ መቀመጥ አታውቅም። ቁራ ታባርራለች፣ ነፋስ ያመጣውን ፌስታል ታባርራለች፣ የሚባረር ሲጠፋ የራሷን ጅራት ታባርራለች።

የሰኔው ነገር እንዲህ ነው። 200 የጥቅል ጎመን ችግኝ በተከልን በማግሥቱ ጠዋት ስንደርስ 63ቱ ተነቅለው፣ ሥራቸው ወደ ሰማይ ዞሮ አገኘናቸው። ቡቺ አፍንጫዋ ድረስ ጭቃ ሆና ጅራቷን እየቆላች ተቀበለችን። ያን ዕለት የተባለውን ሁሉ እዚህ አንደግመውም። «መርዝ ይሰጣት» ያለችም ነበረች፤ ችግኙን ጎንበስ ብላ ስትተክል የዋለችው እሷ ነበረችና አንፈርድባትም። እናታችን ግን ነጠላቸውን አጣፍተው፣ «እሷ ከወጣች እኔም ጓዜን እጠቀልላለሁ» አሉ። እንደማይቀልዱ ሁላችንም ገባን። ውሳኔው ለሳምንት ተላለፈ።

በዚያ ሳምንት ሒሳቡን የምንይዘው ሰዎች የጠፋውን ለመመዝገብ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን መደብ በመደብ ዞርን። በዲፕሎማ የተማርነው ትምህርት ኪሳራ የት እንደደረሰ በቦታው ለይተን እንድንጽፍ ያስገድደናል። ስንለይ አንድ ነገር ታየን። የተቆፈሩት ሦስት መደቦች ብቻ ናቸው፤ ሦስቱም ብስባሽ የወሰዱት ከአንድ ጉድጓድ ነው። አፈሩን ስናገላብጥ አጥንት ወጣ። ከፋሲካ በኋላ ከየቤታችን የኩሽና ጥራጊ ስናመጣ የበጉንም የዶሮውንም አጥንት አብረን ጨምረን ኖሯል። ቡቺ የቆፈረችው ጎመን ጠልታ አልነበረም። እኛ የቀበርንላትን ልታወጣ ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ባጭሩ እንናገር፤ ቤቷ ውሻና ጓሮ ያላት ትሞክረው። አጥንትና የሥጋ ትርፍ ወደ ብስባሽ ጉድጓድ አይገባም። የውሻ ዓይነ ምድርም አይገባም፤ የትል እንቁላል ስለሚኖርበት በተለይ በጥሬው ለሚበላ ሰላጣ አደገኛ ነው። አዲስ የተተከለ መደብ ችግኙ ሥር እስኪይዝ የግራር እሾህ ይለብሳል። አዲስ የተቆፈረ ለስላሳ አፈር ለውሻ ፍራሽ እንደማለት ነውና ያለ እሾህ መተው የለበትም። ለቡቺም ከጎጆው ጀርባ የራሷን አፈር ሰጠናት፣ አጥንቷም እዚያ ይጣልላታል። ከሁሉ የጠቀመን ግን መንገዷን ማየታችን ነው። በአጥሩ ሥር ወዲያና ወዲህ ስትሮጥ የምትረግጠው ሁልጊዜ አንድ መስመር ነበር፣ እኛ ደግሞ አንዱን የካሮት መደብ መስመሩ ላይ ሠርተነዋል። መደቡን አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ሳብነው። የካሮቱ ግማሽ ግን ቀድሞ ተረግጦ ስለነበር አልዳነም። ኪሳራው ሪፖርቱ ላይ አለ። ቀን ቀን ሰው ሲበዛ ትታሰራለች፣ ማታ ትፈታለች። ቀለቧ የሽሮና የእንጀራ ትርፍ ነው፤ ሽንኩርት የበዛበት ወጥ ግን ለውሻ መርዝ ስለሆነ አታምጡላት።

ማታ መፈታቷ ለምን ይጠቅማል ለምትሉ፣ ድንቹን አስታውሱ። ካቻምና ጃርት ሌሊት እየገባ መደቡን ሲቆፍር ያደረውን ሁላችን አልቅሰንበታል። ቡቺ ከመጣች ወዲህ ሌሊት ትጮሃለች፣ እናታችን ባትሪ ይዘው ይወጣሉ፣ ድንቹም አለ።

አሁን ወደ መዝገቡ። ባለፈው ዓመት የቡቺን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትና ቀለብ «ልዩ ልዩ ወጪ» ውስጥ አስገብተነው ነበር። ደረሰኙ ነበረ፣ ገንዘቡም ትንሽ ነው፤ ስሙን የሸሸግነው ግን አፍረን ነው። ለጋሽ አይቶ «ለሴቶች የሰጠሁትን ለውሻ» ይላል ብለን ፈራን። ያ ስሕተታችን ነው። «ልዩ ልዩ» ውስጥ ዛሬ ውሻ ከተደበቀ ነገ ምን እንደሚደበቅ እናንተ እንዴት ታውቃላችሁ? ስለዚህ ዘንድሮ ከጥበቃ ወጪ ሥር በስሙ ጽፈነዋል፣ ያምናውንም በማስታወሻ አስተካክለናል። ገጽ 4 ላይ ታገኙታላችሁ። ይህ ወጪ አይገባም የምትል እጇን ታውጣ፣ ጉባኤው ይወስን።

ውሳኔው እስኪሰጥ ግን ሥራው አይቆምም። የመጨረሻው ዙር የቆስጣ ችግኝ የሚዛወረው ቅዳሜ ጠዋት ከ1 ሰዓት ጀምሮ ነው። አራትና አምስት ቅጠል ያወጣውን ብቻ እንነቅላለን። እሾህ የሚቆርጥ ሰው ያላት አስቀድማ ትንገረን፤ ስትገቡም የአጥሩን በር መልሳችሁ ዝጉ፣ ቡቺ ትወጣለች።