እንግዶቻችን ለምን አልበሉም?

(በቃሊቲ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ አንድ ድስት ወጥ ነው። በአንድ የፋሲካ ሰሞን እዚሁ ቃሊቲ ለምንረዳቸው ቤተሰቦች በሬ አርደን ምሳ አዘጋጀን። ድንኳኑ ሞላ፤ ጸሎት ተደረገ፤ ወጡ ቀረበ። ሙስሊሞቹ እናቶች ግን ከነልጆቻቸው ደረቅ እንጀራ ይዘው ተቀመጡ። ከመካከላችን «ለችግረኛ ምርጫ ምን ያደርግለታል?» ያለ ነበር፤ «ንቀውን ነው» ያለም ነበር። እንናዘዝ፤ ይህን ያልነው እኛው ነን። በኋላ ቀርበን ስንጠይቃቸው አንዲት እናት በእርጋታ «እናንተስ እኛ ያረድነውን ትበላላችሁ?» አሉን። መልስ አጣን።

በአገራችን «የክርስቲያን ሥጋ» እና «የእስላም ሥጋ» ማለት ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነው ነው። ክርስቲያኑ በሥላሴ ስም ያርዳል፤ ሙስሊሙ «ቢስሚላህ» ብሎ ያርዳል። በአዲስ አበባ ቄራም እርዱ ለየብቻ ነው። ከእኛ ከወንጌላውያንም ብዙዎቻችን ይህንኑ ልማድ ይዘን እንኖራለን። እንግዲያው ጎረቤታችን ሥጋችንን ሲተው ያደረገው እኛ በእርሱ ቤት የምናደርገውን ነው።

ሐላል ምንድን ነው? ቃሉ ዐረብኛ ነው፤ ትርጉሙም «የተፈቀደ» ማለት ነው። የአንድ ልዩ ምግብ ስም አይደለም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ወተቱ ሁሉ ሐላል ነው። የተከለከለው የአሳማ ሥጋ፣ ደም፣ በክት፣ አስካሪ መጠጥና ከፈጣሪ በቀር በሌላ ስም የታረደ ነው። በክትማ እኛስ መቼ እንበላለን? አንዳንዶች «ለባዕድ የተሠዋ ነው» ይላሉ፤ በእርዱ ላይ የሚጠራው ግን የፈጣሪ ስም ነው። ቢላው የተሳለ እንዲሆንና ደሙ በሚገባ እንዲፈስም ታዟል። ቁርኣን በአምስተኛው ምዕራፉ የመጽሐፉ ሰዎች ምግብ ለሙስሊም የተፈቀደ መሆኑን ይናገራል፤ በአገራችን ግን ልማዱ ከሁለቱም ወገን ጠብቋል።

በምዕራቡ ዓለም የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ ሐላል በተነሣ ቁጥር የጭካኔ ወሬ እንደሚሰሙ ይነግሩናል። ለእንስሳ መራራት መልካም ነው። ነገር ግን በብሪታንያ አብዛኛው የሐላል ሥጋ ከብቱ እንዲደነዝዝ ከተደረገ በኋላ የሚታረድ ነው፤ ወሬው ይህን አይጨምርም። ስዊዘርላንድም ሳይደነዝዝ ማረድን በ1893 እ.ኤ.አ. በሕዝብ ድምፅ ስትከለክል ቀንበሩ የወደቀው በአይሁድ ላይ ነበር። በገበታ የሚጀመር ጥላቻ አንድን ሕዝብ ብቻ አይነካም።

በእኛ አገር ሙስሊሙ መጤ አይደለም። የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ በአክሱም ንጉሥ ዘንድ ተጠልለዋል። እንዲህም ሆኖ ልጆቹ እስከ አብዮቱ ዋዜማ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» ይባሉ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለሙስሊሞች እኩልነት ሰልፍ ሲወጣ ክርስቲያኖችም አብረው ወጥተዋል። እኛም «መጤ ሃይማኖት» ስንባል፣ በደርግ ዘመን ቤተ ክርስቲያናችን ተዘግቶ በየጓዳው ስንጸልይ ኖረናል። በጥቂቶች ወገን መቆም ምን እንደሆነ ሊነግረን የሚገባ ሌላ ሰው የለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አስቀድመን እንጠይቅ። ለሙስሊሞች የሚሆነውን ሙስሊም ይረድልን፤ ቢላው፣ ድስቱና ጭልፋው ይለይ። አቅም ካነሰን ለሁሉም ሽሮና ምስር እንሥራ፤ በዚህ የሚያፍር ማንም የለም። ሥጋው ከየት እንደመጣ አንደብቅ፤ «ቢበሉት ምን አለበት» ብሎ ማታለል ከስርቆት አይሻልም። ምግቡንም ማጥመጃ አናድርገው፤ የተራበ ሰው እንጀራ የሚበላው ስለራበው ነው።

በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 14 ስለ መብል የተጻፈውን ሁላችን እናውቃለን። ስለ ምግቡ እውቀቱ የእኛ ቢሆን እንኳ፣ ሰው አዝኖ ከማዕዳችን ከተነሣ የረታነው ነገር የለም።

በተከታዩ ዓመት በግ ለብቻው ታረደ። ያን ጥያቄ የጠየቁን እናት ራሳቸው ድስቱን አማሰሉ። ድንኳኑ አንድ፣ ድስቱ ሁለት ነበር፤ ልጆቹም ሁሉ ጠግበው ወጡ።

እግዚአብሔር ይባርካችሁ።