የአጭር ሞገድ ራዲዮን ጩኸት ስለ መቀነስ



ከሥራ ተመልሳችሁ የሩቅ አገር ወሬ ለመስማት ራዲዮናችሁን ስትከፍቱ ከተናጋሪው ቃል ይልቅ ጩኸቱ ቢበረታ፣ ጥፋቱን ሁሉ በጣቢያው ላይ አታድርጉ። የጩኸቱ ምንጭ ብዙ ጊዜ ከገዛ ቤታችሁ ውስጥ ነውና።

አጭር ሞገድ የሚባለው ከ3 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ያለው ነው። ሞገዱ ከላይኛው አየር፣ ይኸውም አይኖስፌር ከሚባለው ክፍል ተመልሶ ስለሚወርድ እጅግ ሩቅ ይደርሳል፤ ነገር ግን ደክሞ ስለሚደርስ ጥቂት ሁከት ይሸፍነዋል። ዛሬ በየቤቱ ያሉት የስልክ ቻርጀሮችና ብዙዎቹ የኤልኢዲ አምፖሎች ኤሌክትሪኩን በሴኮንድ ብዙ ሺሕ ጊዜ እያቋረጡና እየቀጠሉ ስለሚሠሩ ይህን ሁከት ይወልዳሉ።

ስለዚህ አስቀድማችሁ ራዲዮውን በባትሪ ድንጋይ እያሠራችሁ የቤቱን መብራት ከቆጣሪው አጥፉ። ጩኸቱ ከቆመ ጥፋተኛው በቤታችሁ አለ ማለት ነው፤ መብራቱን መልሳችሁ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ለዩት። ካልቆመ ግን ከጎረቤት ወይም ከመንገዱ የመብራት ሽቦ ሊሆን ይችላል፤ ራዲዮውን ወደ መስኮት አቅርቡ፤ ወይም ፕላስቲክ የለበሰ ሽቦ ከቤቱና ከመብራት መሥመር አርቃችሁ በውጭ ዘርጉለት። በቤት ውስጥ የተዘረጋ ረዥም ሽቦ ከድምፁ ጋር ጩኸቱንም ይሰበስባልና።

በክረምት የሚሰማው መንቋቋት ግን አብዛኛው ከመብረቅ የሚመጣ ስለ ሆነ ዕቃ በመንቀል አይጠፋም። ነጎድጓዱ ሳይቀርብ በውጭ የተዘረጋውን ሽቦ ከራዲዮው ለዩ፤ ከወሬ ሕይወት ይበልጣልና።