ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ እስከ ዓድዋ በባለሞተር ብስክሌት፦ ከመነሳታችን በፊት

(ለዓድዋ ጉዞ ለሚዘጋጁ ወጣቶች ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ የተደረገ ንግግር)



ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ከአዲስ አበባ ተነስተው በእግራቸው ዓድዋ የገቡ ወጣቶች አሉን። እናንተ ደግሞ ሞተር በገጠማችሁለት ብስክሌት እንሂድ አላችሁ። ደስ ይላል! መነሻችሁን እዚህ ማድረጋችሁም ተገቢ ነው። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የዓድዋ ዘማች ናቸው፤ ኋላም የጦር ሚኒስትር ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1919 ዓ.ም.፣ አገራቸውን አገልግለዋል። በእሳቸው ስም ከሚጠራ ድልድይ የሚነሳ ሰው ግን ባንዲራ ይዞ «ሆ!» ማለት ብቻ አይበቃውም።

እስቲ ታሪኩን እናስታውስ። የክተት አዋጁ የታወጀው መስከረም 1888 ዓ.ም. ነው፤ ውጊያው የካቲት 23። መሃል ላይ አምስት ወር ተኩል ያህል አለ! ጦሩ ወረኢሉ ላይ ከተተ፣ ስንቅ ጫነ፣ ተራራ ወጣ። መቀሌ ላይ ጠላት ምሽጉን አጥብቆ ሲቀመጥ እቴጌ ጣይቱ የውሃውን ምንጭ አስያዙበት፤ በውሃ ጥም ለቆ ወጣ። ዓድዋ ላይ ደግሞ ጄኔራል አልበርቶኔ የቦታ ስም ተምታቶበት ከታሰበው ኮረብታ አልፎ ሄደ፤ ከጓደኞቹም ተነጠለ። ውሃው የት እንዳለ ያወቀ አሸነፈ፤ መንገዱን ያላወቀ ተሸነፈ። የእናንተም ጉዞ እንደዚሁ ነው።

አንደኛ፣ ቀኑን ቁጠሩ። በደብረ ብርሃን፣ በደሴ፣ በወልዲያና በመቀሌ በኩል መንገዱ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሞተራችሁ ትንሽ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ብታስጨንቋት ትግላለች። በቀን ከ80 እስከ 85 ኪሎ ሜትር ያዙ፦ 12 ቀን መንዳት፣ 2 ቀን ዕረፍት። የካቲት 8 የተነሳ የካቲት 21 ይገባል፤ አንድ ቀንም ለችግር ይተርፈዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ ጣርማ በርን አትናቁ። ከደብረ ብርሃን በኋላ ከ3,000 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሯ ጉልበት ታጣለች፤ ፔዳል እየመታችሁ አግዟት። በወረራው ዘመን ጣሊያን የሠራው ዋሻ ውስጥ ያለ መብራት እንዳትገቡ። ከዚያ እስከ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ድረስ ትወርዳላችሁ። ይህን ሁሉ ቁልቁለት ፍሬን ይዞ ሳያርፉ መውረድ ሞትን መጥራት ነው፤ ቸርኬው ይግላል፣ ከመነዳሪው ይፈነዳል። እየቆማችሁ፣ እያቀዘቀዛችሁ ውረዱ።

ሦስተኛ፣ ነዳጅ። ሞተሯ ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚደባለቅላት ዓይነት ከሆነች መመሪያዋን እዩ። 25 ለ1 ካለ፣ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። በግምት አትጨምሩ! ዕቃችሁን በሙሉ ጭናችሁ ሰንዳፋ ደርሳችሁ ተመለሱና በሊትር ስንት እንደምትሄድ ለኩ። ማደያ አለ ማለት ቤንዚን አለ ማለት አይደለም፤ ግማሽ ሲቀር ሙሉ።

አራተኛ፣ ዕቃ። መርካቶ አጠገባችሁ ነው፤ ምን ሰበብ አላችሁ? ካንዴላ፣ ካቴና፣ ሁለት ሁለት ከመነዳሪ፣ የፍሬን ጎማ፣ ፒንሳ ያዙ። ምናለሽ ተራ ጠንካራ ዕቃ መጫኛ የሚበይድላችሁ አታጡም። በሶና ዳቦ ቆሎ ደግሞ ከእናቶቻችሁ።

አምስተኛ፣ ፈቃድ። በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሞተር ሳይክል ላይ ገደብ ስትጥል ስንቱ ሠራተኛ ሞተሩን አቁሞ እንደዋለ ታስታውሳላችሁ። «ብስክሌት እኮ ናት» ብላችሁ አትተማመኑ፤ ሰሌዳና መንጃ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።

የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል። የምታልፉበት መንገድ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት የተመላለሰበት ነው። ቆቦ፣ አላማጣ፣ ማይጨው የምታገኟት እናት ልጇን ቀብራ ይሆናል። እሷ ፊት መፈክር አታሰሙ። ውረዱ፣ ሰላም በሉ፣ ውሃ ጠይቁ፣ አዳምጡ። ዓድዋ ላይ የአማራው፣ የትግሬው፣ የኦሮሞው፣ የሌላውም አባት ጎን ለጎን ወድቋል ካልን፣ ልጆቻቸው ቤት የምንገባው እንደ ዘመድ ነው።

ስለዚህ በየማታው ነገ ወደምትሄዱበት ከተማ ደውሉ። «መንገዱ ሰላም አይደለም» ከተባላችሁ እዚያው እደሩ፤ ካልተከፈተ ተመለሱ። ማን እንደሚወስን ዛሬ ምረጡ፤ እሱ ወይም እሷ «ተመለሱ» ካለ ክርክር የለም። ደብረ ብርሃን ደርሶ በሰላም የተመለሰ ልጅ ለከርሞ ዓድዋ ይደርሳል። ለፎቶ ሲል የሞተ ግን እናቱን ብቻ ነው የሚያስለቅሰው።

በሉ እንግዲህ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጡ። ዕቅዱን ዛሬ፣ እዚሁ እንጻፍ።

መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ!